ፎቶን ለፕሪሚየም ስብስብ ማቅረብ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች

ሱሉልታ ሜዳ ላይ በጥቅምት ማለዳ የተነሳን ፎቶ ለንደን የሚገኝ የማስታወቂያ ድርጅት ሊገዛው ይችላል። ገዢው የሚከፍለው ለመጠቀሚያ ፈቃዱ ነው፤ ባለቤትነቱ ከአንሺው እጅ አይወጣም። በመካከል ያለው ስቶክ ፎቶ ኤጀንሲ ፈቃዱን ይሸጣል፣ ከሽያጩ የራሱን ድርሻ ያስቀራል፣ ቀሪውንም ሮያሊቲ ብሎ ለአቅራቢው ይከፍላል። ኤጀንሲዎቹ ከተራው ክምችታቸው ጎን በውድ ዋጋ የሚሸጥ የተመረጠ ስብስብ መክፈት ከጀመሩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ስሙ ከኤጀንሲ ኤጀንሲ ቢለያይም በጥቅሉ ፕሪሚየም ይባላል። ይህ መመሪያ ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ ወይም ከኮዬ ፈጬ ሆነው ወደዚህ ስብስብ ለመግባት ለሚያስቡ ተጽፏል። ብዙ ሰው ፕሪሚየምን ለቆንጆ ፎቶ እንደሚሰጥ ሽልማት ይቆጥረዋል። እኔ ግን እንደ ውል እንዲያዩት እመክራለሁ፤ አቅራቢው አልፎ አልፎ በውድ ለመሸጥ ሲል ያንኑ ፎቶ በየቦታው በርካሽ የመሸጥ መብቱን የሚተውበት ውል ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፎቶ ለየብቻ መወሰን ይገባል።

ስብስቦቹ እንዴት እንደመጡ

ከዚህ በታች የተጠቀሱት የኤጀንሲዎቹ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። አይስቶክፎቶ በ2000 በካናዳ ካልጋሪ ከተማ በብሩስ ሊቪንግስተን ሲመሠረት ፎቶን እጅግ በርካሽ ዋጋ የማቅረብን መንገድ ከፈተ፤ ጌቲ ኢሜጅስ በ2006 በ50 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ገበያው በርካሽ ፎቶ ሲጥለቀለቅ የተሻለ ለመክፈል የሚፈልግ ገዢ ምርጡን ከብዙው መለየት ቸገረው፤ አይስቶክም በ2009 ቬታ የተባለ፣ ለእርሱ ብቻ ከሚያቀርቡ አንሺዎች ሥራ ተመርጦ በውድ የሚሸጥ ስብስብ አወጣ። በ2014 ግን አደረጃጀቱን ቀይሮ ክምችቱን ኢሴንሻልስና ሲግኔቸር በሚባሉ ሁለት ወገኖች ከፈለው፤ የመጀመሪያው በአንድ ክሬዲት (ገዢው አስቀድሞ ገዝቶ የሚያስቀምጠው የመክፈያ ነጥብ)፣ ሁለተኛው በሦስት ክሬዲት ይሸጥ ጀመር። ሹተርስቶክ በበኩሉ በ2013 ኦፍሴት የተባለ ስብስብ ከፍቶ አንድን ፎቶ እንደ መጠኑ በ250 እና በ500 ዶላር መሸጥ ጀመረ። አዶቢም ፎቶሊያ የተባለውን ኤጀንሲ በ800 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ በ2015 አዶቢ ስቶክን ካቋቋመ በኋላ በ2016 የራሱን ፕሪሚየም ስብስብ ጨመረ። ሊቪንግስተን ራሱ ከብሪያና ዌትላውፈር ጋር በ2013 ስቶክሲ የተባለውን የአንሺዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መሥርቶ ከመደበኛ ፈቃድ ሽያጭ 50 በመቶውን፣ ሰፋ ላለ አጠቃቀም ከሚሰጠው የተራዘመ ፈቃድ ሽያጭ ደግሞ 75 በመቶውን ለአንሺው የሚሰጥ አሠራር ዘረጋ።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ስብስቦች ስማቸውንም ዋጋቸውንም እንደሚቀያይሩ ለማሳየት ነው። ዛሬ የሚፈርሙት ለአንድ ስም ይሆናል፤ ነገ ፎቶዎ የሚገኘው ሌላ ስም ባለው መደርደሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። ውሉን ሲያነቡ ኤጀንሲው ፎቶን ከአንዱ ስብስብ ወደ ሌላው የማዛወር መብት ስለመያዙ፣ ሲያዛውርም አስቀድሞ ስለማሳወቁ የሚናገረውን አንቀጽ ከሁሉ በፊት ይፈልጉ።

ሂሳቡን አስቀድሞ መሥራት

አብዛኛው ሰው የሚመለከተው የድርሻውን በመቶኛ ነው፤ መቶኛ ብቻውን ግን ያሳስታል። አዶቢ ስቶክ ለተራ ፎቶ 33 በመቶ ይከፍላል። አይስቶክ ለእርሱ ብቻ ለማያቀርብ አንሺ 15 በመቶ፣ ለእርሱ ብቻ ለሚያቀርብ ደግሞ ከ25 እስከ 45 በመቶ የሚደርስ የፎቶ ድርሻ ይሰጣል። ሹተርስቶክ በሰኔ 2020 ባወጣው አከፋፈል አቅራቢዎች በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ቀን ወደ ታችኛው ደረጃ፣ ማለትም ወደ 15 በመቶ፣ ይመለሱና እንደ ሽያጫቸው ብዛት እስከ 40 በመቶ ይወጣሉ፤ ለውጡ በወቅቱ ከአንሺዎች ብርቱ ቅሬታ አስነስቷል። ደንበኛው በወር ክፍያ የሚያወርድ ከሆነ ከፍተኛው መቶኛ እንኳ ሳንቲም ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ፎቶ በተራው ክምችት በተለያዩ ኤጀንሲዎች በዓመት 100 ጊዜ ወርዶ በያንዳንዱ 30 ሳንቲም ቢያስገኝ ገቢው 30 ዶላር ነው እንበል። ያንኑ ፎቶ በፕሪሚየም ስብስብ ብቻ አስገብተው በ250 ዶላር ቢሸጥና ድርሻዎ 30 በመቶ ቢሆን አንዱ ሽያጭ 75 ዶላር ያስገባል። ፎቶው ቢያንስ በሁለት ዓመት ተኩል አንድ ጊዜ የሚሸጥ ከሆነ ፕሪሚየሙ አይጎዳዎትም፤ አራት ዓመት ቁጭ ካለ ግን ከስረዋል። ይህን ሂሳብ በራስዎ የሽያጭ ቁጥር ሠርተው ሳያዩ የትኛውንም ፎቶ አይላኩ። አዲስ ጀማሪ ከሆኑና የራስዎ የሽያጭ ቁጥር ከሌለዎት ለአንድ ዓመት ያህል በተራው ክምችት ሠርተው የትኛው ዓይነት ፎቶ እንደሚወርድ ቢያዩ ይሻላል።

በእኔ ልምድ ማንም በየትም አገር ሊያነሳው የሚችለው ነገር፣ ለምሳሌ በነጭ ጀርባ ላይ የተነሳ የቡና ፍሬ ወይም የበርበሬ ክምር፣ ቦታው ተራው ክምችት ነው። ሌላ አንሺ ሊደግመው የማይችለውን፣ ቦታውንና ሰዎቹን የሚያውቅ ብቻ የሚያገኘውን ፎቶ ግን ለፕሪሚየም ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

ምን ማንሳት እንደሚገባ

የእንጦጦን ጭራሮ ተሸካሚ እናቶች ደግመው እንዳያነሱ እለምናለሁ። ለዓመታት በቱሪስት ሁሉ የተነሳ ርዕስ ነው፤ ከባድ ሸክም ተሸክሞ ቁልቁል የሚወርድን ሰው አስቁሞ ስለ ፈቃድ ቅጽ ማስረዳትም ተገቢ አይመስለኝም። የላሊበላና የኦሞ ሸለቆ ፎቶም በገበያው ሞልቷል። በአንጻሩ ጥቂት የሚገኘው የከተማ ዳር ተራ ኑሮ ነው፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የምትጋግር ወጣት፣ በረንዳ ላይ ኮምፒውተሩን ከፍቶ የሚሠራ ባለሙያ፣ የሱሉልታ ገበሬ ወተት ለማስረከብ በማለዳ ሲወጣ፣ ከሥራ የተመለሰ አባት ከልጁ ጋር የቤት ሥራ ሲሠራ። ስለ አፍሪካ የሚያስተዋውቅ ባንክ ወይም የስልክ ኩባንያ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ ሰዎቹ ተመቻችተውና በራሳቸው ቤት ሆነው የሚታዩበትን።

ወቅቱም ይረዳል። በመስከረም አደይ አበባ በየዳገቱ ይፈነዳል፣ ጥቅምት ከገባ በኋላ ይደርቃል፤ በሱሉልታ ሜዳ የድርቆሽ አጨዳ የሚታየው ክረምቱ ሲወጣ ነው፤ በአቃቂ በኩል የጤፉ ማሳ በኅዳር ወርቅ ይመስላል፣ አውድማው ላይ ውቂያ ሲጀመር ደግሞ በመንሽ የሚበተነው ጭድ ብርሃኑን ይይዘዋል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቶሎ ሽቅብ ትወጣለች። ከጠዋቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ወጥታ 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን የፊት ጥላ ይጠቁራል፤ ከሰዓት በኋላም ለስላሳው ብርሃን የሚገኘው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ካሜራዎን ይዘው ከቤት የሚወጡት ጎሕ ሳይቀድ መሆን አለበት። ደመናማ ቀን ግን አያባክኑ፤ የቤት ውስጥ ሥራን በመስኮት ብርሃን ለማንሳት ከሐምሌ ሰማይ የተሻለ የለም።

በድሮን ማንሳት ያለ ፈቃድ አይቻልም፤ ፈቃድ ሳይኖር የተነሳ ፎቶ በኤጀንሲ ቢያልፍ እንኳ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት።

በኮምፒውተር የሚፈጠሩ ምስሎችን በተመለከተ ኤጀንሲዎቹ መንገዳቸው ተለያይቷል። ጌቲ በመስከረም 2022 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ ምስሎችን መቀበል ከለከለ፤ አዶቢ ስቶክ ግን በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ምልክት ተደርጎባቸው እንዲገቡ ፈቀደ። ማሽኑ ተራውን የቢሮ ስብሰባ በደቂቃ ይሠራዋል፤ የአንዲት የሰበታ እናት የጀበና አያያዝ ላይ ግን እስካሁን ይሳሳታል፣ ስኒውንም እጀታ ያወጣለታል።

ሰውን ከማንሳት በፊት ያለው ወረቀት

በዚህ ክፍል ረዘም ብዬ እቆያለሁ፤ ከእኛ አካባቢ የሚላኩ ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ውድቅ ሲሆኑ ያየሁት በአብዛኛው በወረቀት ምክንያት ነው። ለንግድ ማስታወቂያ የሚሸጥ ፎቶ ላይ ማንነቱ የሚለይ ሰው ካለ ኤጀንሲው የሞዴል ፈቃድ ቅጽ፣ ማለትም የተነሳው ሰው መስማማቱን የሚፈርምበት ወረቀት፣ ይጠይቃል፤ ቅጹ ከሌለ ፎቶው ለዜናና ለትምህርት ብቻ የሚውል ኤዲቶሪያል ይሆናል፤ ለማስታወቂያ የሚሸጡት ፕሪሚየም ስብስቦች ደግሞ እንዲህ ያለውን በአብዛኛው አይወስዱም። የጥምቀት ሰልፍ ፎቶ የቱንም ያህል ቢያምር መንገዱ ኤዲቶሪያል የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቅጹን የውጭ አገር ሰዎች ጣጣ አድርገው አይዩት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ በቁጥር 28 የተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች የታወቁ ሰዎችን፣ የሕዝብ ሥልጣንን፣ የፍትሕንና የትምህርትን ጉዳይ የመሳሰሉ ናቸው እንጂ የሳሙና ማስታወቂያን አይጨምሩም።

አብዛኛው ቅጽ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው፤ በከተማው ዙሪያ የምናነሳቸው ሰዎች ግን ብዙዎቹ የሚናገሩት ኦሮምኛ ወይም አማርኛ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋ የተዘጋጀ የአንድ ገጽ ማብራሪያ ይያዙ፣ ማንበብ ለማይችል ሰውም ያንብቡለት። እኔ አረጋውያንን ሳነጋግር የምለው ይህን ነው፦ «እማማ፣ ይህን ፎቶ ውጭ አገር ላለ ድርጅት እሰጠዋለሁ። የባንክ ወይም የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ወጥቶ ሊታይ ይችላል፤ ማን እንደሚገዛው እኔም ላላውቅ እችላለሁ። ካልፈለጉ አሁን ይንገሩኝ፣ ምንም ቅር አይለኝም።» እንዲህ ተብለው እምቢ ያሉኝ አሉ፤ እምቢታቸውም ትክክል ነበር። ለሚስማሙት የቀን ዋጋቸውን ያኔውኑ መክፈልና ፎቶውን አሳትሞ መውሰድ የጨዋ ልማድ ነው። ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚፈርመው ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሲሆን፣ ምስክር የሚጠይቀውን ቦታም ባዶ አይተዉ።

ሁለት የእኛው የሆኑ እክሎች አሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ሞዴሉ በቅጹ ላይ «መስከረም 2017» ብሎ ቢፈርምና ካሜራው በፎቶው ውስጥ የመዘገበው ዓመት 2024 ቢሆን፣ የኤጀንሲው መርማሪ ቅጹ ፎቶው ከመነሳቱ ሰባት ዓመት ቀድሞ የተፈረመ ይመስለዋልና ይመልሰዋል። የልደት ቀንንም ሆነ የፊርማ ቀንን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለውጠው ያስሞሉ። ሁለተኛው ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም በሚለው ሳጥን ውስጥ የአባትን ስም ማስገባት፣ በሁሉም ቅጽ ላይም አንድ ዓይነት አጻጻፍ መጠቀም ያስፈልጋል፤ በአንዱ ቅጽ በአባት፣ በሌላው በአያት ስም የተመዘገበች ሞዴል ለኤጀንሲው ሁለት ሰው ናት።

ንብረትም ፈቃድ የሚያስፈልገው ጊዜ አለ። የግል ቤት ውስጥ፣ የአበባ እርሻ ግቢ ወይም በግል ካፌ ሲያነሱ የባለቤቱን ፊርማ ይያዙ። የንግድ ምልክት ከፎቶው መጥፋት አለበት፦ የስሚንቶ ጆንያ ላይ ያለው ጽሑፍ፣ የዘይት ጀሪካኑ፣ የልጁ የእግር ኳስ ማሊያ፣ የባጃጁ ስም። በኤዲቲንግ ከማጥፋት ይልቅ ከማንሳትዎ በፊት ጆንያውን ማዞር ይቀላል።

የራስዎን መብትም ያረጋግጡ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ፎቶግራፍ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት የቅጂ መብት ጥበቃ አለው፤ በቅጥር ሥራ የተሠራ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ነው። በሠርግ ስቱዲዮ ተቀጥረው ያነሱትን ለኤጀንሲ ማቅረብ አይችሉም ማለት ነው።

ማዘጋጀትና መላክ

የቴክኒኩ ጉዳይ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ያንሱ፣ ትኩረቱ በዓይን ላይ እንዳረፈ በሙሉ መጠን ከፍተው ያረጋግጡ፣ ቀለሙን ከልክ በላይ አያድምቁ፣ ከዚያም በከፍተኛ ጥራት ጄፔግ ያውጡ። ሹተርስቶክና አዶቢ ስቶክ በትንሹ 4 ሜጋፒክስል ይጠይቃሉ፤ ፕሪሚየም ግን ለትልቅ ሕትመት ስለሚሸጥ ካሜራዎ የሰጠውን ሙሉ መጠን ይላኩ።

ገዢው ፎቶ ሲፈልግ የሚያገኝባቸው ቁልፍ ቃላት ለሽያጩ ከፎቶው ባልተናነሰ ይረዳሉ። አዶቢ ስቶክ እስከ 49፣ ሹተርስቶክ እስከ 50 ቃላት ይቀበላሉ፤ በአዶቢ የመጀመሪያዎቹ አሥር ቃላት ይበልጥ ስለሚመዝኑ ዋና ዋናዎቹን ከፊት ያስቀድሙ። የቦታ ስሞቻችን በላቲን ፊደል የሚጻፉበት መንገድ አንድ ወጥ ስላልሆነ የተለመዱትን ሁለቱን አጻጻፎች ይስጡ፤ ሱሉልታን የማያውቅ ገዢ እንዲያገኘውም አዲስ አበባን ይጨምሩ። ቃላቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሞሉ እንደ እኛ አነጋገር እንዳያስቡ ይጠንቀቁ፤ «ሃይላንድ» ለፈላጊው ደጋ አገር ነው፣ ለእኛ ግን የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሆኖ ቀርቷል።

የመግቢያው በር በየኤጀንሲው ይለያያል። ስቶክሲን የመሰለው የሥራ ናሙና አይቶ አባል ይቀበላል፤ ሌሎቹ ከአቅራቢዎቻቸው መካከል ራሳቸው ይመርጣሉ ወይም ይጋብዛሉ። ናሙና ሲጠየቁ ያለዎትን ሁሉ አያፍስሱ። አንድ ቦታን፣ አንድ ቤተሰብን ወይም አንድን ሥራ ተከታትሎ የሚያሳይ ጥቂት ፎቶ ከተበታተኑ ብዙ ቆንጆ ፎቶዎች ይልቅ የአንሺውን ዓይን ያሳያል።

ለአንድ ወገን ብቻ የመስጠት ግዴታ

ይህ ግዴታ ሁለት መልክ አለው። በአንዱ መልክ የሚታሰረው ፎቶው ብቻ ነው፤ ስቶክሲ የሚጠይቀው ይህን ነው። በሌላው መልክ የሚታሰረው አንሺው ሲሆን፣ እንደ አይስቶክ ባለው ውል በአንድ ዘርፍ፣ ለምሳሌ በፎቶ፣ የሚሠራው የሮያሊቲ ፍሪ (ገዢው አንዴ ከፍሎ ደጋግሞ የሚጠቀምበት) ሥራ በሙሉ ወደ አንዱ ኤጀንሲ ይገባል። ለጀማሪ ሁለተኛውን አልመክርም፤ አንድ ኤጀንሲ ዋጋውን ሲቀንስ የሚሸሹበት ስለማይኖርዎት ነው።

በፎቶው ብቻ ቢታሰሩም «ተመሳሳይ» የሚለውን ቃል ያስተውሉ። እኔ ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ኤጀንሲ የአውድማ ፎቶዬን ለፕሪሚየም ከተቀበለ ከስምንት ወር በኋላ ሰረዘብኝ፤ በዚያው ማለዳ በሁለት ሰከንድ ልዩነት ያነሳሁትን ሌላ ፎቶ ከዓመት በፊት ለተራ ክምችት ሸጬው ኖሮ ገዢው ሁለቱን ጎን ለጎን አግኝቷቸው ነበር። ጭዱ ትንሽ ከፍ ከማለቱ በቀር አንድ ናቸው። ያልተከፈለኝ ሂሳብም ተያዘ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ቀን ሥራ በኋላ ፎቶዎቹን የማንም እጅ ሳይነካቸው በሁለት ፎልደር እከፍላቸዋለሁ፤ የአንድ ትዕይንት ፎቶዎች በሙሉ ወይ ወደ ፕሪሚየም ወይ ወደ ተራው ይሄዳሉ እንጂ አይከፋፈሉም።

ክፍያና ግብር

ከመመዝገብዎ በፊት ኤጀንሲው የሚከፍልበት መንገድ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ገንዘብ የሚያደርስ መሆኑን በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን ያስቀምጡ፤ የተመዘገቡበት ስምም በፓስፖርትዎና በባንክ ደብተርዎ ካለው ጋር በፊደል ሳይቀር ይግጠም። የመክፈያ ዝቅተኛ መጠንም አለ፤ አዶቢ ስቶክ 25 ዶላር፣ አይስቶክ 100 ዶላር ሳይሞላ አይከፍሉም፤ ስለዚህ ጥቂት ፎቶን በብዙ ኤጀንሲ መበተን ገንዘቡን በየቦታው እንዲቀር ያደርጋል።

የአሜሪካ ኤጀንሲዎች ደብሊው ኤይት ቤን የተባለውን የግብር ቅጽ ያስሞላሉ። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የገቢ ግብር ስምምነት ስለሌላት፣ አሜሪካ ውስጥ ላለ ገዢ ከተሸጠው ድርሻዎ 30 በመቶው ተቆርጦ ይቀራል፤ ከሌላ አገር ገዢ የመጣው ከዚህ ውጪ ነው። ከላይ ያሳየሁትን የ75 ዶላር ሽያጭ አሜሪካዊ ቢገዛው እጅዎ የሚገባው 52 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ሂሳብዎን በዚህ ያስተካክሉ። ቅጹ ከተፈረመበት ዓመት በኋላ በሦስተኛው ዓመት መጨረሻ ጊዜው ስለሚያልፍ የሚታደስበትን ቀን ይመዝግቡ።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ወይም ሠንጠረዥ ይበቃል፦ የፎቶው ቁጥር፣ የተነሳበት ቦታና ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የሞዴሉ ቅጽ የተቀመጠበት፣ የተላከበት ስብስብ፣ ግዴታው የሚያበቃበት ቀን፣ የተሸጠበት ዋጋ። ውሉ ፎቶን ለማውጣት ስንት ቀን አስቀድሞ ማሳወቅን እንደሚጠይቅ በዚያው ገጽ ይጻፉ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ እኔ እንደማደርገው የክረምቱ ዝናብ ከቤት በሚያስቀምጥበት በነሐሴ፣ ሠንጠረዡን ከላይ እስከ ታች ተመልክተው በሂሳብዎ መሠረት መሸጥ ሲገባቸው ያልተሸጡትን ለይተው የማውጫ ማመልከቻቸውን ያስገቡ፤ ግዴታቸው ሲያበቃም ወደ ተራው ክምችት ይላኳቸው።